የፊልም ቤቱ አንቀጽ

አባቴ የሚሰርዘው በእርሳስ ነው። በእስክሪብቶ ሲሰረዝበት ሰው ይቀየማል ይላል፤ እርሳስ ግን ምክር ይመስላል። ዘንድሮ የሰጠሁትን ወረቀት ሲመልስልኝ መሃል ላይ ያለው አንቀጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ቀጥ ያለ የእርሳስ መስመር ተሰርዟል፤ ከጎኑም «አያስፈልግም» ተብሎ ተጽፏል።

ወረቀቱ የሟች የሕይወት ታሪክ ነው። ሶዶ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ በዚህ ምክንያት በሰፈራችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ ድንኳን ለሚያከራየው ይደወላል፣ ቀጥሎ ለእኔ። ቤተሰቡ የሚነግረኝን ሰብስቤ አንድ ገጽ አደርገዋለሁ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ያዩታል፣ ከዚያ ቀብሩ ላይ እኔው አነበዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ መካከል ይህን ሥራ የያዘው አባቴ ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይሰርዛል። ለዓመታት እንዲህ ስንሠራ ተጣልተን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር የሚያጣላ ነገር ጽፌ አላውቅም ነበር። በእኔ ወረቀት ላይ የሞተ ሁሉ ለሰው አዛኝ ነው፣ ቤቱ ለእንግዳ ክፍት ነው፣ በጸሎት የተጋ ነው። አንድም ክፉ ሰው ቀብሬ አላውቅም።

ይህኛው ሟች ግን ፊልም ቤት ነበረው፤ አባቴ የሰረዘው እሱን ነው። ቀብሩ በማግስቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ የተሰረዘውን ትቼ ለማንበብ ወይም ሳልተው ለማንበብ መወሰን ነበረብኝ።

ፊልም ቤት ስል ቀይ ወንበርና የሚከፈት መጋረጃ ከታያችሁ ተሳስታችኋል። ጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ከባሕር ዛፍ የተመቱ አግዳሚዎች፣ መስኮቱ ላይ የተቸነከረ ጥቁር ብርድ ልብስ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ አንድ ቴሌቪዥን። በሩ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የሚጻፍበት ሰሌዳ ነበር፤ የፊልሙ ስም ግን ተጽፎበት አያውቅም። «ህንድ፣ ያስለቅሳል» ወይም «ካራቴ፣ ደም አለው» ነው የሚለው። ሰውም ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ባለመስታወት ፎቅ ቆሟል። ከሥሩ ፎቶ ኮፒ የሚያነሱና የሞባይል ሽፋን የሚሸጡ ወጣቶች አሉ። አንዱን «እዚህ ቦታ ምን እንደነበረ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው «መጋዘን» አለኝ። ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በልጁ አይደለም፤ የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው።

የእኛ ቤትና ፊልም ቤቱ አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋሩ ነበር፤ አልጋዬ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ለሴት ልጅ ፊልም ቤት መግባት ማለት ስሟ እስከ ኦቶና ሰፈር ድረስ መነሳት ነበር፤ ለሽማግሌ ልጅ ደግሞ ይብስ ነበር። አባቴ መግባቱን በቃል ከለከለ። መስማቱን ለመከልከል ደግሞ ግድግዳውን በጋዜጣ ላይ ጋዜጣ እየደረበ ለጠፈው። እናቴ እህል ነጋዴ ናት፣ በአባቴ ፊት ብዙ አትናገርም፤ ሙጫውን አብኩታ ሰጠችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። ጋዜጣ ድምፅ አያስቀርም። እንዲያውም ጠቀመኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በዓይኔ የጋዜጣውን አማርኛ አነባለሁ፣ በጆሮዬ የፊልም ቤቱን እሰማለሁ። ሁለቱ አማርኛዎች ፈጽሞ አይተዋወቁም ነበር።

የፊልም ቤቱ ባለቤት የቢጠና ሰው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ግን የሦስት ሰው ድምፅ ነበር። ፊልሙ ሲጀመር ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱላ ይዞ ይቆምና ለሕዝቡ ይተረጉማል። ህንድኛ አያውቅም። እንግሊዝኛውም ከሰላምታ አያልፍም። ጠዋት በሩን ዘግቶ ፊልሙን ብቻውን ሁለት ጊዜ ያየዋል፣ ከዚያ ማን ምን እንዳለ ራሱ ይወስናል። አንድ ጊዜ ባንክ የሚሠራ ሰውዬ «እንደዚያ አላለም እኮ!» ብሎ ሲጮህበት በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። «ወንድምሽ ቢሞት አንቺ ሌላ ምን ትያለሽ?» ብሎ መለሰለት።

አዎ፣ የባንኩን ሰውዬ ነው «አንቺ» ያለው። በሁሉም ላይ እንዲሁ ነበር። የሚተረጉመው በአማርኛ ነው፣ ምክንያቱም አግዳሚው ላይ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞችም ይቀመጣሉ። አማርኛውን የለመደው ግን ሻሸመኔ፣ አምስት ሴት ልጆች ካሏት ባለዳቦ ቤት ዘንድ ተቀጥሮ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ሴትየዋ በልጆቿ ላይ ስትጮህ ነበር፤ ነይ፣ ሂጂ፣ አንሺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ። በወላይትኛ «ኔኒ» ስንል ለወንድም ለሴትም ያው ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ወንድና ሴት ይለያል ብሎ የነገረው አልነበረም። እንዲህ ሆኖ አማርኛው «አንቺ» ብቻ ያለበት አማርኛ ሆነ።

እኔ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ነኝ፤ ምስሉን አላይም። የሚደርሰኝ ይህ ነው፦

«ሽጉጥሽን ጣይ! ተከበሻል!»

«አባቴን ገድለሽ የት ትደርሻለሽ? ከፈረስሽ ውረጂ!»

«ብቻሽን ነሽ፣ እኛ ሃያ ነን!» ይላል በአንድ ድምፅ፣ «ሃያ ብትሆኑም አልፈራም!» ይላል በሌላ ድምፅ።

ከአሥር ዓመቴ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ በዓለም ላይ ሽጉጥ የሚታጠቀው፣ ፈረስ የሚጋልበው፣ የአባቱን ደም የሚመልሰው ሁሉ ሴት ነው ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። ለምን እጠራጠራለሁ? በአማርኛ ነበር የተነገረኝ። አማርኛ ደግሞ ለእኔ የትምህርት ቤትና የቢሮ ቋንቋ ነበር፤ ማኅተም ያለበት ነገር ይመስለኛል። ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የአማርኛ አስተማሪያችን «ጀግና» በሚል ርዕስ ድርሰት ጻፉ አሉን። ሁለት ገጽ ሞላሁ። ድርሰቴ ውስጥ አንድ የጦር አዛዥ ሌላውን አዛዥ «ጦርሽን ይዘሽ ተመለሺ» ይለዋል። አስተማሪው ለክፍሉ ጮክ ብለው አነበቡት፤ መሃል ላይ ሳቅ አሸነፋቸው።

«ጀግናሽ ሴት ናት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ጠላቷስ?»

«እሷም።»

«ወታደሮቹስ?»

«ሁሉም ናቸው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በቀይ «የጾታ ስምምነት!» ብለው ጻፉበት፤ ቃለ አጋኖዋ ገጹን ቀድዳው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ «ሽጉጥሽ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። በእልህ ሰዋስው አጠናሁ። ዛሬ ያንኑ «የጾታ ስምምነት» የሚለውን በተማሪዎቼ ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ደመወዜ ነው፣ ግዴታዬም ነው። ግን ቃለ አጋኖ አስቀምጬ አላውቅም።

አሥራ አምስት ዓመት በሞላኝ ጊዜ አባቴ ለጉባኤ ወደ በዴሳ ሄደ። በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊት በር ገባሁ። አግዳሚው ላይ የነበረው ወንድ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለቤቱም አየኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል። «አንቺ፣ እዛ ጋ ተቀመጥ» አለኝ። በዕድሜዬ ከአፉ የሰማሁት ብቸኛ የወንድ ትእዛዝ ለእኔ ሆነ። ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ግን ወፍራም፣ ባለሪዝ ወንዶች ናቸው። ፈረሱም ሽጉጡም የእነሱ ነው። ሴትየዋ ዛፍ ሥር ቆማ ታለቅሳለች፣ ሲደክማት ትዘፍናለች። እንደዚያ ቀን ተታልዬ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ያደረግሁት ምን እንደሆነ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ስጨፍን ሴቶቹ ተመለሱ፤ እስከ መጨረሻው እንደጨፈንኩ ቆየሁ። ፊልም ቤቱ ገብቼ ያየሁት ፊልም ይኸው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም አላየሁትም።

ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አንድ ጨዋ፣ ሥራ ያለው፣ ዘማሪ ሰው ሽማግሌ ላከብኝ። አባቴ ደስ ብሎት ነበር። እኔ መማር ነበር የፈለግሁት። አምስት ትልልቅ ሰዎች ወንበር ላይ ተደርድረው ባሉበት «አልፈልግም» አልኩ። ያ ቃል ከየት እንደመጣልኝ አውቃለሁ። ቤታችን ውስጥ ማንም አላስተማረኝም። በጋዜጣው በኩል ነው የገባው።

አባቴን ግን ክፉ አድርጌ ብስለው ውሸታም እሆናለሁ። ታላቅ ወንድሜ ስምንተኛ ክፍልን የወደቀው እዚያ አግዳሚ ላይ ነው። ደብተራቸውን ሸጠው የገቡ ልጆች ነበሩ። አባቴ የፈራው ከልቡ ነው። የፊልም ቤቱ ባለቤት የእኛው ቤተ ክርስቲያን አባል ስለነበር ሽማግሌዎቹ ጠርተው መከሩት፣ ለመኑት፣ በመጨረሻም «ወይ ቤቱን ዝጋ ወይ ከጌታ እራት ትታገዳለህ» አሉት። ቤቱን አልዘጋም። የሚገርመው ከቤተ ክርስቲያንም አልቀረም። እሑድ እሑድ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ዳቦውና ጽዋው ሲዞር እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሳልፈዋል። ለዓመታት እንዲህ ኖረ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ አየው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም።

ፊልም ቤቱን የዘጋው ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ዘመን ነው። መጀመሪያ የፊልም ማጫወቻው በየቤቱ ገባ፣ ቀጥሎ ዲሽ መጣ፣ በመጨረሻ ሁሉም ፊልሙን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ሽጦ ሬዲዮ መጠገን ያዘ። ሽማግሌዎቹ «አሁንማ ተዘግቷል፤ ንስሐ ግባና ወደ ማዕዱ ተመለስ» አሉት። «የዘጋሁት ሰው ስለጠፋ ነው፤ ጥፋት ሠርቼ አይደለም» አላቸው። ዘንድሮ ሲታመም ግን አባቴ ራሱ ዳቦና ጽዋ ይዞ አልጋው ድረስ ሄደ። ንስሐ አልጠየቀውም። ይህን ማድረጉን ሳውቅ አባቴን ወደድኩት፤ አሁንም ስለዚህ እወደዋለሁ። በሳምንቱ ሰውየው ሞተ፣ ልጁም ደወለችልኝ።

እንግዲህ ወረቀቱን በእጄ ይዤ አባቴ ፊት የቆምኩት ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው። ቤታችን የምናወራው በወላይትኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

«አባባ፣ ይህን ለምን ሰረዙት?»

«አያስፈልግም።»

«ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ ነው እኮ።»

«ልጄ፣ ይቅር ብለነዋል። ይቅር የተባለ ነገር ደግሞ አይነበብም።»

«እሱ ይቅርታ አልጠየቀም። ሳይጠይቅ ይቅር ማለት ደግነትዎ ነው፤ መሰረዝ ግን ደግነት አይደለም።»

«በንግድ ሥራ ተሰማርተው ቆይተዋል በይ። ውሸት አይደለም።»

«ጨው ነጋዴም፣ ጫት ነጋዴም በንግድ ሥራ ነው የተሰማራው!»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ካወለቀ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። «ሽማግሌ ያልፈቀደው ወረቀት ቀብር ላይ አይነበብም፤ ታውቂያለሽ» አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ውሳኔው የእኔ ብቻ እንዲሆን አልፈለግሁም፤ ነገሩ ቢበላሽ የሚያፍሩት የሟች ቤተሰቦች ናቸው። የሟች ልጅ ለለቀስተኛ ንፍሮ ስታቀርብ ነበር። እጇን ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝና የእርሳሱን መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህ ከቀረ፣» አለች፣ «ነገ የምንቀብረው ማንን ነው?»

ሌላ አልጠየቅኋትም።

በማግስቱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀምጠዋል፣ አባቴ ከዳር። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ናት። መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ እኔ ተጠራሁ። ትውልዳቸውን አነበብኩ፣ ቢጠናን አነበብኩ፣ ሻሸመኔን አነበብኩ። ከዚያ አንቀጹ ላይ ደረስኩ፦

«ወደ ሶዶ ተመልሰውም ፊልም ቤት ከፈቱ። የማያውቁትን ቋንቋ ለማያውቀው ሕዝብ ተረጎሙ። ስለዚህ ሥራቸው ከጌታ እራት ታገዱ፤ አልተጸጸቱም፤ ከቤተ ክርስቲያንም አልቀሩም። የዚህ ታሪክ ጸሐፊ አማርኛን የወደደችው በእሳቸው አፍ ሰምታ ነው።»

አባቴ የተነሳው «ፊልም ቤት» የሚለው ቃል እንደወጣ ነው። ወደ እኔ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ወረቀቱን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። እኔም አልሰጠሁትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ፤ አንቀጹን ስጨርስ እጁ እንደተዘረጋ ነበር። ከድንኳኑ ኋላ አንድ ሽበታም ሰውዬ «ሽጉጥሽን ጣይ!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ተነሳ፤ ቀብር ላይ ሳቅ። ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሄደ፤ ኮት የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ወንዶች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ የሟች ልጅ ጮኻ አለቀሰች፣ ሁሉም አብሯት አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ በእኔ ንባብ ተለቅሶ አያውቅም። አባቴ እጁን ሰብስቦ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ሌላ አንባቢ መረጡ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ድምፁም ያምራል፣ የተፈቀደለትን ያነባል። አልተቀየምኩም፤ ብቀየምም አልነግራቸውም። የከበደኝ የአባቴ ዝምታ ነበር። እግዜር ይቅር ይበልሽም አይለኝ፣ አይቆጣኝም።

ሁለተኛው እሑድ ላይ እንደ ልማዳችን ለምሳ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እናቴ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረበች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይበላል፣ እኔም እንዲሁ። እናቴ ሳትቀመጥ ቆማ አየችንና ወደ እኔ ዞረች።

«የእኔን የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አለች።

«የምኑን?»

«የሕይወት ታሪኬን። አዲሱ ልጅ እንዳይጽፈው። ልጆች ማሳደጌን፣ መጸለዬን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱን አታስረዝሚው። ቅዳሜ ከበዴሳ እህል ይዛ ስትመለስ ጆንያዋን በር ላይ አስቀምጣ ፊልም ቤት ትገባ ነበር ብለሽ ጻፊ።»

አባቴ ቀና አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድምፁን ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

«መቼ?»

«ግድግዳውን ጋዜጣ በለጠፉበት ዓመት።»

«ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ለምን ነው አሁን የምትነግሪኝ? ማን ፈቀደልሽ?»

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አባቴን በአክብሮት ነው የምታናግረው፤ ያን ቀንም አልለወጠችም።

«ላስፈቅድዎ አይደለም» አለችው። «እንዲነበብ ነው።»